የካናዳ የተማሪ ቪዛ ተከለከልኩ፤ ይግባኝ ልበል ወይስ ወደ ጀርመን ልዙር?

ይግባኝ የሚባል ነገር የለውም፤ «ይግባኝ እንልልሃለን» ያለህን ደላላ እርሳው። ያለህ እንደገና ማመልከት ወይም በጠበቃ በኩል የካናዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲመረምር መጠየቅ ነው። የፍርድ ቤቱ ቀነ ገደብ 60 ቀን ነው። መክፈቻው 50 የካናዳ ዶላር ቢሆንም የሚከብደው የጠበቃው ነው፤ ብትረታም ፋይሉ ለሌላ ኦፊሰር ይመለሳል እንጂ ቪዛ አይሰጥህም።

እንደጻፍከው ከሆነ ግን ፍርድ ቤት አያዋጣህም። ለገጣፎ ያለው ቤት ተሽጦ ብሩ አባትህ ሂሳብ የገባው ከማመልከትህ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። የሚታየው የ4 ወር እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ድንገት የገባ ብዙ ብር ከየት እንደመጣ ካልተብራራ ብድር ይመስላል። ስለዚህ፦

1. የተመዘገበውን የሽያጭ ውልና ብሩ የገባበትን የባንክ ደረሰኝ አያይዝ፤ ቀኑና መጠኑ ይግጠሙ።
2. ካርታውና የቀበሌው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ከሆኑ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉምና ከዋናው ቅጂ ጋር አስገባ። ያልተተረጎመ ወረቀት እንዳልገባ ቁጠረው።
3. የክልከላ ደብዳቤው ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ምክንያት በአጭሩ መልስ ስጥ።

ጀርመን ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም (ባደን ቩርተምበርግ ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል)። ሆኖም ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ (ብሩ በየወሩ እየተከፈለ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ይጠየቃል፣ ቪዛ ሲከለከል በኤምባሲው በኩል የነበረው ነጻ የቅሬታ መንገድም ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ፎርሙ «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ሲልህ «አዎ» በል። መከልከል አያስቀጣም፤ መደበቁ ግን ካናዳ ላይ 5 ዓመት ያሳግዳል።