ሻንሲው ከአንዱ፣ ቦዲው ከሌላው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስለተሠሩ፣ ቦዲያቸው በእጅ ስለተቀጠቀጠና ጣሪያቸው ስለሚታጠፍ መኪኖች አውርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቀርባለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዳማ አንድ ተማሪ፦ ሮልስ ሮይስ ቦዲውን ራሱ ካልሠራው፣ ምኑን ነው የሸጠው?

ሻንሲውን (ሌላው ሁሉ የሚያርፍበትን የታች ብረት)፣ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑንና መሪውን ነው የሸጠው። ከፊት ያለው ኮፈን ሲቀር ሌላው ባዶ ነበር። ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደሚሄድ ሰው፣ ገዢው ሻንሲውን ይዞ እንደ ፓርክ ዋርድ ወይም ኤች ጄ ሙሊነር ወዳለ ቦዲ ሠሪ ይሄዳል። እዚያ አናጺዎች አሽ ከሚባለው እንጨት አጽሙን ያዋቅራሉ፤ ቀጥቃጮች አሉሚኒየም ወይም ላሜራ ያለብሱታል። ሮልስ ሮይስ እስከ ጦርነቱ ድረስ የሸጠው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ በ1928 መጨረሻ ሲወጣም የሻንሲው ዋጋ ብቻ 8,500 ዶላር ነበር፤ ቦዲው ሌላ ሂሳብ ነው።

«የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያ መኪና ቤንትሌይ ሆና ሳለ እንዴት ትዘላታለህ?» ብለው የወቀሱኝ አሉ።

ቤንትሌይ የሰውየው ስም ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያስገባት መኪና ዎልስሌይ ሲድሊ ናት። ቤንትሌይ የሚባለው ፋብሪካ በ1919 ሲቋቋም ንጉሡ ካረፉ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ይህ ስህተት ተደጋግሞ እንደ እውነት ሊቆጠር ምንም አልቀረው፤ እባካችሁ አትቀባበሉት።

በዲትሮይት አቅራቢያ የሚኖሩ አባት ልጆቻቸውን ይዘው ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ሄደው አንድ ግዙፍ ነጭ ቡጋቲ አይተዋል። የፈረንሳይ መኪና እዚያ ምን ይሠራል?

ያዩት ቡጋቲ ሮያል ነው። የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ 12.7 ሊትር ነው። ለነገሥታት ታስቦ ቢሠራም አንድም ንጉሥ አልገዛውም፤ ለውጭ ደንበኛ የተሸጡት ሦስት ብቻ ናቸው። እርስዎ ያዩትን የገዛው ዮዜፍ ፉክስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ በ1932 ሙኒክ ውስጥ ሉድቪግ ቫይንበርገር የተባለው ቦዲ ሠሪ ካብሪዮሌት፣ ማለትም ጣሪያው የሚታጠፍ፣ አድርጎ ሠራለት፤ ቀለሙም ጥቁርና ቢጫ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሐኪሙ ከአገሩ ወጣ። መኪናውም አብሮት ሻንጋይ፣ ከዚያም ኒውዮርክ ገባ። ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ክረምት ውሃው ሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብሎኩን ሰነጠቀው፤ መጨረሻው ቁራሊዮ ተራ ሆነ። በ1940ዎቹ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ቻርልስ ቼይን ከዚያ ገዝቶ አወጣው። ነጭ ቀለም የቀባው እሱ ነው፤ በአንዱ ካርቡራተር ምትክ አራት የገጠመውም፣ ፍሬኑን በዘይት እንዲሠራ ያደረገውም እሱ ነው። ለሙዚየሙ የሰጠው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው።

ቼይን ያን ሁሉ መቀየሩ ዛሬ ያስተቸዋል። እኔ ግን ቦዲውን ስላልነካ አመሰግነዋለሁ። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

አንዲት አንባቢ፦ ሮድስተርና ካብሪዮሌት በምን ይለያሉ?

የበሩን መስታወት ተመልከቺ። ሮድስተር ወደ ላይ የሚወጣ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ከሸራና ከሴሉሎይድ የተሠራ መከለያ በሩ ላይ ይሰካል። የካብሪዮሌት መስታወት በማዞሪያ ይወጣል፤ ጣሪያውም ገበር ስላለው ሲዘጋ ብርድ አያስገባም። ሻጮች ዋጋ ለማስወደድ ሁሉንም ሮድስተር ይሉታል፤ በሩን ሳታዪ አትመኚያቸው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የድሮ መኪና በሚያድስ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት፦ ጋሼ፣ አንድ ደንበኛችን የ1930ዎቹ ትልቅ ዝግ መኪና አለው። እንጨቱ በስብሷል። ሰውየው «ይህን ቦዲ ጣሉትና በአሉሚኒየም አዲስ ክፍት ቦዲ ሥሩልኝ፤ ክፍቱ ነው ገንዘብ የሚያወጣው» ይላል። ሻንሲውና ሞተሩ ኦሪጅናል ከሆኑ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ጥፋቱ መኪናው ከሁለት እጅ የተሠራ መሆኑን መርሳት ነው። ሻንሲው የፋብሪካው ሥራ ነው፤ ብዙ ወንድሞች አሉት። ቦዲው ግን የአንድ ሱቅ አናጺና ቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ አልተደገመም። እናንተ ልትጥሉት ያሰባችሁት ከሁለቱ ብርቅየውን ነው።

ይህ ነገር ምን እንደሚያስቀር ከሮያል ተማር። ለደንበኛ መጀመሪያ የተሸጠው ሮያል የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ለነበረው ለአርማን ኤስደር የተሠራ ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና ነው። መልኩን ያወጣው የፋብሪካው መሥራች የኤቶሬ ቡጋቲ ልጅ ዣን ነው። ኤስደር «በሌሊት አልነዳም» ስላለ ፓውዛ እንኳ አልተገጠመለትም፤ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ከፊት እስከ ኋላ ምንም ሳያቋርጣቸው ይፈሱ ነበር። ቀጥሎ የገዛው ሰው ዝግ መኪና ፈለገ፤ ፓሪስ ያለው ቢንደር ሌላ ቦዲ ጫነበት፤ የዣን ቡጋቲ ሥራ የገባበት ጠፋ። ሻንሲው ዛሬም አለ፤ ሞተሩም አለ። ያ መኪና ግን የለም። ሙሉዝ ያለው የፈረንሳይ ሙዚየም ከመለዋወጫ ዕቃ ተነሥቶ ቅጂውን ማሠራት ግድ ሆኖበታል፤ ቅጂ መሆኑንም አይደብቅም።

ያን ጊዜ የጠፋው ክፍቱ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠ። ገበያው ክፍት ስለወደደ ስንቱ ሊሞዚን ተገፎ ሮድስተር ሆነ። ውጤቱ በየትርዒቱ ተመሳሳይ የሚያብረቀርቁ ክፍት መኪኖች መሰለፋቸውና ሰዎች በእርግጥ ይነዷቸው የነበሩት ዝጎቹ መመናመናቸው ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ደጋግሜም እናገራለሁ።

ለደንበኛችሁ በገንዘብ ቋንቋ ንገረው። የኦበርን ኮርድ ዱዘንበርግ ክበብን የመሰሉ ማኅበራት ሻንሲው፣ ሞተሩና ቦዲው አብረው የኖሩ መሆናቸውን መርምረው ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ የሚገባው ገዢም ይህን ይጠይቃል። አዲስ ቦዲ የለበሰ መኪና ይህን ጥያቄ አያልፍም። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተርም መነሻው ያለውን መጠበቅ ነው፤ የተተካ ነገር ካለ እንዲታወቅና እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

እንጨቱ በእርግጥ ምን ያህል በስብሷል? በሩን ክፈትና ከጫፉ በእጅህ ወደ ላይ አንሳው። ማጠፊያው ሳይሆን ምሰሶው ራሱ ከተንቀሳቀሰ የታችኛው እንጨት ሄዷል። ከዚያ የበሩን ቆዳ ገበር ቀስ ብለህ አንሳ፤ ከኋላው በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ የሥራ ቁጥር ልታገኝ ትችላለህ። ያው ቁጥር በሌሎቹ በሮችና በመቀመጫው ሥር ካለ ቦዲው ተለቅሞ የተገጣጠመ አይደለም፤ ፎቶ አንሳው። አሽ እንጨት አንድ በአንድ ይተካል፤ የበሰበሰው ራሱ ሞዴል ይሆናል፤ ስለዚህ አዲሱ ተቆርጦ እስኪገጠም አሮጌውን አታቃጥሉ። ይህን ሥራ የቤት ዕቃ አናጺ አይችለውም፤ የመኪና ቦዲ እንጨት የሚሠራ ሰው የግድ ነው። ሰውየው በፍጹም እምቢ ካለም አሮጌው ቦዲ ሳይቆራረጥ ከነቁጥሩ አብሮ ይቀመጥ።

ሌላ ጠያቂ፦ ከእነዚህ መኪኖች ውዱ የትኛው ነው?

ከአሜሪካ ክፍት መኪኖች የፊልም ተዋናዩ የጋሪ ኩፐር ዱዘንበርግ ኤስ ኤስ ጄ በ2018 በጨረታ 22 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ስለ ዋጋ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

አንድ አንባቢ፦ ሞተር የሌለው መኪና ለዓለም ትርዒት ቀረበ የሚባለው እውነት ነው?

ለእውነት የቀረበ ነው። በ1939 ኒውዮርክ የታየው፣ ፊጎኒ ኤ ፋላስኪ ቦዲውን የሠሩለት ደላሄ 165 የተባለው የፈረንሳይ መኪና ኮፈኑ ሥር ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር፤ ሞተሩ አልደረሰም ነበርና። ጦርነቱ ሲፈነዳ አሜሪካ ቀረ።

ዱባይ ውስጥ የአሠሪው መኪኖች ኃላፊ የሆነ ሹፌር፦ ለዓመታት ያልተነሣ ካብሪዮሌት «ለዓርብ አስነሣልኝ» ተባልኩ። የሸራው ጣሪያም ታጥፎ ነው ያለው።

ሸራው ቀላል ነው፤ ዘርግተህ አስቀምጠው፤ ታጥፎ ከኖረ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። በቤንዚን አትጥረገው።

ሞተሩን ግን በባትሪ እንዳትነካው። አሮጌው ቤንዚን ማጣበቂያ ሆኗል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ደርቋል፤ በጨርቅ የተሸፈነው የመብራት ሽቦ ተበጣጥሶ ሊሆን ስለሚችል እሳት ያስነሣል። ታንኩ ይለቀቅ፤ ካንዴላው ወጥቶ ዘይት ይንጠብበት፤ ሞተሩ በእጅ ይዙር፤ ፍሬኑ ይፈታ። ይህን የሚሠራው የቅድመ ጦርነት ሞተር የሚያውቅ መካኒክ እንጂ አንተ አይደለህም። ለዓርብ እንደማይደርስ ዛሬውኑ ለጌታህ ንገራቸው፤ ሞተሩ ከተሰነጠቀ በኋላ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ከፒያሳ፦ ከአያቴ የወረስኳት ፊያት ቶፖሊኖ ሸራ ጣሪያ አላት። እሷም በእጅ ከተሠሩት ናት? ወንድሜ የጣሪያዋን የጎን ብረት ቆርጠን ሙሉ ክፍት እናድርጋት ይላል።

አይደለችም፤ ቦዲዋ የፋብሪካ ነው፤ ከ1936 ጀምሮ በብዛት ተመርታለች። ሞተሯ 569 ሲሲ፣ ጉልበቷ 13 ፈረስ ነው። ያ ዋጋዋን አይቀንሰውም።

ብረቱን ግን አትቁረጡ! ሸራው ወደ ኋላ ሲጠቀለል የፊት መስታወቱን ከኋላው ጋር የሚይዙት እነዚያ ሁለት የጎን ብረቶች ናቸው። ከተቆረጡ ወለሉ ይጎብጣል፤ በሩም እምቢ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባቱታም ሆነ ስቱኮ አይመልሰውም። ሸራው አርጅቶ ከሆነ ድንኳን የሚሰፋ ሰው ይበቃል፤ አሮጌውን ሳትጥል ስፌቱን ፈትተህ ስጠው፤ በእሱ ልክ ይቁረጥ።