መልስ፦ በኮሮና ጊዜ ቤት ተቀምጦ ምኑ ያስመሰግናል?

እህቴ፣ «ቤት ታጉራችሁ ተመስገን ያላችሁት በምን ነበር?» ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ መጀመሪያ ማማረር ብቻ ነበር ሥራዬ። መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ብላት በዓይኗ ገሠጸችኝ። ለካ ለዓመታት በዓሉን ፈረቃ ላይ ሳሳልፍ እሷን እንዲህ አይቻት አላውቅም።

ጎረቤታችን ግን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ቤት መዋል ለሱ ጦም ማደር ነበር። ከዶሮው ወጥ በሰሃን አድርሼ፣ በሩን አንኳኩቼ ወደ ኋላ ሸሸሁ (ሲያሳፍር!)። እሱ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ማማረሬ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። አንቺም ከከፋሽ ይክፋሽ፤ በግድ አመስግኚ የሚልሽን አትስሚ።