ጀማን ከሥሩ ማወቅ

ከመርሐቤቴ በዚህ ቡድን ላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው። በሌላው ዓለም የባሕርን ወለል ካርታ እያነሡ የዓሣ ሀብትን የሚያስተዳድሩት እንዴት ነው? በጀማ ወንዝ ዳር ለተደራጀው የአስጋሪዎች ማኅበራችሁስ የካርታ ማንሻ መሣሪያውን መግዛት ያዋጣል? ከሁለተኛው ልጀምር፤ አትግዙ። ሥራውን ግን ሥሩት። በጣና ዳርና በእኛው ቆላ ከአስጋሪዎች ጋር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርህ።

በባሕር ላይ መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይለቃል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል። ለዓሣ ሰው ከጥልቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የማሚቶው ብርታት ነው፤ ዐለትና ጠጠር ድምፁን አጠንክረው ይመልሱታል፣ ለስላሳ ጭቃ ይውጠዋል። ከዚያ ካሜራ ይወርዳል፣ አፈሩም ተዝቆ ይወጣል፤ በጠጠሩ ላይ ማን እንደሚኖር ማሚቶ አይናገርምና። በካናዳ ስካሎፕ የተባለውን ዛጎል የሚሰበስቡት አስጋሪዎች፣ ዛጎሉ ጠጠራማ ወለል እንደሚወድ በካርታው ለይተው ወለሉን በከንቱ መቧጠጥ ቀንሰዋል። በኖርዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሮስት በተባለ ስፍራ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የቀዝቃዛ ውኃ ኮራል ተገኘ፤ በዓመቱ ወለል የሚጠርግ መረብ እንዳይጎተትበት ተከለከለ። እኔ የማደላው ለኖርዌዩ ነው። ዓሣው የት እንዳለ አስጋሪ ያለ ካርታም ያውቀዋል፤ የቱን ወለል መተው እንዳለበት ነው የሚከራከረው።

ወደ እኛ እንምጣ። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። በጣና እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች አፍ፣ ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀው ስለነበር ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋና ጭቃ ላይ ጎጆውን ይቆፍራል። አምባዛ ጎርፍ የዋጠው ሣር ይፈልጋል። ስለዚህ ካርታችሁ ላይ «እዚህ ዓሣ አለ» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳውቅም፤ መጻፍ ያለበት የወለሉ ዓይነት ነው።

በበጋ፣ ውኃው ሲያንስና ወንዙ ወደ ኩሬዎች ሲሰበሰብ፣ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እሠሩ፤ ከሥሩ ሞራ ቀቡት። የጥንት መርከበኞች ብልሃት ነው። ድንጋዩ ሲወጣ ሞራው ላይ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ደለል ተጣብቆ ታያላችሁ፤ ባዶውን ከወጣ የነካው ዐለት ሳይሆን አይቀርም። ቦታውን በስልክ መዝግቡ፤ ኔትወርክ በሌለበት ገደል ውስጥም ስልኩ ከሳተላይት ያነባል። አዞ አለ በሚባልበት ኩሬ ግን ገመዱን ከዳር ሆናችሁ ወርውሩ እንጂ አትግቡ። ደግሞ ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ውጡ፤ የትኛው ኩሬ በድርቅ ዘመን እንዳልነጠፈ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ ትልቁን ምልክት የማደርገው በእነዚያ ኩሬዎች ላይ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙን መልሶ የሚሞላው ዓሣ እዚያ የተረፈው ነውና። በእነሱ ውስጥ ዓሣ የሚመርዘውን ብርብራ የሚበትን ሰው የአንድ ቀን ወጥ ሳይሆን የመጪውን ዓመት ዘር ነው የሚጨርሰው።

አንድ ልዩነት አትርሱ። የባሕሩ ኮራል ለሺህ ዓመታት በቦታው ይቆያል፤ የጀማ ጠጠር ግን በአንድ ክረምት ጎርፍ ይሄዳል። ስለዚህ ጎርፉ ሲያባራ በየዓመቱ ደግማችሁ ለኩ። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ የሚዛቅበት ስፍራ ካለ እሱንም አስገቡ፤ መረቡን ብትከለክሉና ጠጠሩ በመኪና ቢጫን ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ከዚያ በኋላ በበጋ የማይነኩትን ኩሬዎች፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መረብ የማይጣልባቸውን የጠጠር ስፍራዎች ተስማምታችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። በወዲያኛው ማዶ ያሉትንም ጥሩ፤ ወንዙ ወሰን ስለሆነ እናንተ የተዋችሁትን ሌላው ይወስደዋል።

ካርታውን ግን እዚህ ቡድን ላይ አትለጥፈው። የኩሬዎቹ መገኛ በማኅበሩ መዝገብና በወረዳው እጅ ይቀመጥ።