ፐርሰንቱን እንዴት ላውርደው ላለችኝ ልጅ

ባለፈው አንዲት የዘመድ ልጅ ደውላ "ጋሼ፣ ፔፐሬ 34 ፐርሰንት አለብኝ፣ እንዴት ነው የማወርደው?" አለችኝ። መጀመሪያ የባንክ ወለድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሶፍትዌሩ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል ያለው ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ነው፣ 20 ከገባልኝ ይበቃኛል አለች። እሺ ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት፣ ግን ከዛ ሰዓት ጀምሮ አንድ የድሮ ነገር ሊለቀኝ አልቻለም።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ከገጠር ወደ ከተማ ስለሚደረግ ፍልሰት ኤሴይ ጻፉ ተባልን። ያኔ ላይብረሪ ገብተህ መጽሐፉን እያየህ ደብተርህ ላይ መገልበጥ ነው። የኔ ኖት ደሞ ዝርክርክ፣ የመጽሐፉ ቃልም የራሴ ሐሳብም በአንድ እስክሪብቶ አንድ ላይ ተደባልቆ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከፍቼ መጻፍ ስጀምር አንዲት በጣም የምታምር ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፣ ሰው ከተማ የሚገባው ከተማው ስለጠራው ሳይሆን መሬቱ ስለገፋው ነው የምትል አይነት። እንዴት አሪፍ አድርጌ አስቤያለሁ ብዬ መደምደሚያው ላይ አስቀመጥኳት።

አስተማሪያችን ዝምተኛ ሰው ነበሩ፣ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት የተቀረጹ እርሳሶች ይዘው ነው የሚመጡት፣ ለምን ሦስት እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል። ፔፐሩን ሲመልሱልኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ከበው "የማን ናት?" ብለው ጽፈዋል፣ ማርክም ቀንሰዋል። ደሜ ፈላ። ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ "የራሴ ናት፣ እኔ እንዲህ ማሰብ አልችልም ማለት ነው?" አልኳቸው። ስዋሽ አልነበረም፣ የምር የራሴ መስላኝ ነው። ትንሽ አዩኝና "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ይሆናል" ብለው እዛው ማርኩን አስተካከሉልኝ። ጓደኞቼ ጀግና አደረጉኝ።

ለፈተና ሳነብ ያንኑ መጽሐፍ ድጋሚ ተዋስኩ። ገጹ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች። መጽሐፉን ዘጋሁት፣ ደሞ ከፈትኩት፣ አለች። አንድ ቀን ቢሯቸው በር ድረስ ሄጄ ድምፃቸውን ስሰማ ተመለስኩ። ከዛ ስመረቅ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ ተመረቅኩ፣ ፎቶው ላይ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አልነገርኳቸውም። አሁን በሕይወት የሉም።

በጣም ቆይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር በመጽሐፉ ጸሐፊ ስም ጠቅሼ ብከራከራት ኖሮ ፔፐሬ ይሻል ነበር። መሬቱ ከገፋ ያው መሬት ላይ ያለው ወንድሙ ለምን ቀረ? ይህችን ብቻ ብጠይቅ ኤሴይ ነበረኝ። እኔ የነበረኝ ስድስት ገጽ "እገሌ እንዲህ አለ" ነው፣ የራሴ አቋም ስላልነበረኝ የሰው አቋም ከደብተሬ ወጥቶ ቦታውን ያዘልኝ። ፍልሰት ርዕስ ነው፣ አቋም አይደለም፣ አቋም ማለት አንድ ያነበበ ሰው "አልስማማም" ሊልሽ የሚችልበት ነገር ነው።

ቃል በመቀያየር ቁጥሩ ይወርድ ይሆናል፣ ሐሳቡ ግን ያው የጸሐፊው ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው መመሳሰልን ነው፣ በትምህርተ ጥቅስ ያስገባሽውንም የሪፈረንስ ዝርዝርሽንም ሊቆጥርብሽ ይችላል፣ ስለዚህ 34 ንጹህ ሊሆን ይችላል፣ 5 ደሞ ስርቆት። ሪፖርቱን ከፍተሽ የተቀለመውን አንድ በአንድ እዪው። ደሞ ገና ስታነቢ የመጽሐፉን ቃል በትምህርተ ጥቅስ፣ የራስሽን በሌላ ቀለም፣ ገጽ ቁጥሩን እዛው ጎኑ። ፓራፍሬዝ ስታደርጊ፣ ማለትም የሰውን ሐሳብ በራስሽ ቃል ስትጽፊ፣ መጽሐፉን ዝጊና ለሰው እንደምታስረጂ ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ አመሳክሪ፣ በራስሽ ቃልም ቢሆን ባለቤቱ ይጠቀሳል። ኤፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአጻጻፍና የአጠቃቀስ መመሪያ 7ኛ እትም 40 ቃልና ከዛ በላይ የሆነ ጥቅስ ለብቻው ገባ ተደርጎ ይጻፋል ይላል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ፣ ኮማ የት ትግባ እያላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

የዘንድሮ ልጆች ደሞ ኤአይ ጻፍልኝ ትሉታላችሁ፣ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ፈጥሮ ይጠቅስላችኋል፣ እናንተም ሳታዩት ትለጥፋላችሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር፣ ግን የሲኒየሮችን የድሮ ፔፐር ስንገለብጥ የምናድረው እኛው ነን፣ ቢያንስ እጃችን ይደክም ነበር።

ኢንትሮዳክሽኑን መጨረሻ ላይ ጻፉት፣ ምን እንዳላችሁ ሳታውቁ ምን ልትሉ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ቀድማችሁ ጀምሩ እንዳልል እኔ ራሴ እስካሁን ሪፖርት የምጽፈው በመጨረሻው ሌሊት ነው።

ማታ ደወልኩላትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሯቸውም?" አለችኝ። ሪፖርቱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን አልኳት።