ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ «ዲስኩ ተጣሟል» ብሎ ሁለቱን የፊት ዲስኮች ከነሸራቸው በአዲስ ቀየረልኝ። ለጥቂት ወራት ሰላም ነበር፤ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳሁ በኋላ ግን ያው መንቀጥቀጥ ተመለሰ። የገዛሁት ዲስክ ጥራት የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ሸራዎቹ ጨምቀው የሚያቆሙትን ክብ ብረት፣ ከመኮነንዎ በፊት የታሰረበትን ሞዞ (ጎማውም የሚታሰርበትን የሚዞር ክፍል) ያስፈትሹ። ችግሩ ወዲያው ሳይሆን ከሺህ ኪሎ ሜትሮች በኋላ መመለሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሞዞው ላይ ዝገት ካለ አዲሱ ዲስክ ልክክ ብሎ አይቀመጥም፤ በጥቂቱ ያዘነብልና ሲዞር ወዲህና ወዲያ ይዋልላል። ፍሬን ባልያዙበት ጊዜም እንኳ በየዙሩ አንድ ቦታው ሸራውን እየታከከ ያልፋል። ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይበላና ዲስኩ አንድ ጋ ሳሳ፣ ሌላ ጋ ወፈር ያለ ይሆናል። ፍሬን ሲይዙ ወፍራሙ ክፍል በሸራዎቹ መካከል ሲያልፍ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ስሱ ሲመጣ ደግሞ ጫናው ይላላል። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው፣ ፔዳሉንም እግርዎ ሥር የሚያርገበግበው ይህ መፈራረቅ ነው። ለዚህ የ0.02 ሚሊ ሜትር የውፍረት ልዩነት ይበቃል። ስለዚህ «ተጣሟል» ከሚባሉት ዲስኮች አብዛኞቹ የተጣመሙ ሳይሆኑ ውፍረታቸው የተዛባ ናቸው፤ ይህም በዓይን አይታይም፣ ይለካል እንጂ።

ማይክሮሜትር (ጥቃቅን የውፍረት ልዩነት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ ይምረጡ። ውፍረቱ የሚለካው ከዲስኩ የውጭ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን እኩል በተራራቁ 8 ቦታዎች ነው። ከተገኙት ቁጥሮች ትንሹ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከወረደ ያ ዲስክ አብቅቶለታል። በቂ ውፍረት ካለው ግን ቶርኖ ላይ ሊላጥ ይችላል፤ ከተላጠ በኋላም ከዝቅተኛው ልክ በላይ መሆን አለበት፣ የግራውና የቀኙም አብረው ይላጡ።

ዲስኩ ሲወልቅ ወሳኙ ሥራ ሞዞውን ማጽዳት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ዝገቱ የሚደበቀው በብሎኖቹ ሥር ዙሪያ ስለሆነ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ይፈተግ። የዲስኩ የውስጥ ገጽም እንዲሁ። ከዚያ ዲስኩ በሁሉም ዳዶዎች፣ በሮንዴላ ተደግፎ እኩል ይጥበቅና ሲዞር የመዋለል መጠኑ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ይለካ። የመኪናዎ አምራች ያወጣው ልክ ካለ እሱን ይከተሉ፤ ለብዙ የቤት መኪኖች ግን ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ጥሩ አይደለም። ካለፈ ዲስኩን ሞዞው ላይ በአንድ ቀዳዳ አዙሮ እንደገና መለካት ነው። ከፍ ያለው ነጥብ ከዲስኩ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፤ ሞዞው ላይ በነበረበት ከቀረ የሞዞው ወይም የኩሽኔታው ነው፣ ዲስክ ቢቀያይሩ ለውጥ አያገኙም።

ሸራዎቹንና ፒስተኑን የያዘው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በእጅ ሲገፉ ያለ ችግር መግባትና መውጣት አለባቸው። በአንድ ጎማ ላይ የውስጡና የውጭው ሸራ ውፍረት በጣም ከተለያየ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ይዟል፣ አልንቀሳቀስ ብሏል ማለት ነው፤ የያዘ ካሊፐር ደግሞ ሸራውን ዲስኩ ላይ እየጎተተ ያግለዋል። ፒኖቹ ከተጸዱ በኋላ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ተራ ግሪስ የፒኖቹን የላስቲክ ሽፋኖች ያሳብጥና ከቀድሞው ይብስብዎታል።

የዳዶ አጠባበቅም ቀላል ነገር አይደለም። በአየር መፍቻ እንዳመጣ የሚጠብቅ ዳዶ አንዱ ሲበዛ አንዱ ሲያንስ ዲስኩን ያዛባል። ጎማው አየር ላይ እያለ በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ ለዘብ አድርጎ ማሰር፣ ካወረዱት በኋላ በዚያው ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ) መጨረስ ነው። ለብዙ የቤት መኪኖች ልኩ ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ቢሆንም መመሪያ መጽሐፉ ይቅደም። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ይፈትሹ።

አዲስ ዲስክና ሸራ መላመድም አለባቸው። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ መካከለኛ በሆነ ጫና፣ ሳይቆሙ 8 ወይም 10 ጊዜ ፍጥነት ይቀንሱ፤ በየመሐሉ ጥቂት ይንዱ። በመጨረሻ ፍሬን ሳይነኩ ለጥቂት ደቂቃ ነድተው ያብርዱት። ረጅም ቁልቁለት ወርደው ፍሬኑ እንደጋለ ቆመው ፔዳሉን ረግጠው አይያዙ፤ የሸራው ቅሪት ዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ ይጣበቅና ያው መንቀጥቀጥ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ፍሬን ስይዝ መሪው ደህና ነው፤ መቀመጫው ነው የሚንቀጠቀጠው። የኋላው ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት። የእጅ ፍሬንዎ በገመድ የሚሠራና የኋላውን ታምቡር ወይም ዲስክ በቀጥታ የሚይዝ ከሆነ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ ደረቅ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዱ የእጅ ፍሬኑን የመልቀቂያ ቁልፍ እንደተጫኑ ቀስ አድርገው ይሳቡት። መንቀጥቀጡ ከመጣ ኋላ ነው፤ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ በሚሠራ የእጅ ፍሬን ግን ይህን አይሞክሩ። ፍሬን ሳይነኩም በ90 ወይም በ100 የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የጎማ ባላንስ ያስደርጉ።

ጥያቄ፦ እርጥብ መንገድ ላይ በኃይል ፍሬን ስይዝ ብቻ ፔዳሉ ትር ትር ይላል፣ ድምፅም አለው።

መልስ፦ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ የሚከላከለው ሥርዓት) ሥራውን እየሠራ ነው። እግርዎን አያንሱ፤ ረግጠው ይያዙ። ደረቅ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ሲቆሙም ከመጣ ግን የጎማ ፍጥነት አንባቢ ሴንሰሮቹን ያስፈትሹ።