«ዝግባ»፣ «ጥድ» ወይስ «አርዝ»?

ጥያቄ፦ የልብስ ሣጥን ስለሚሠራበትና ዘይቱ ለሽቶ ስለሚውለው፣ ፈረንጆች «ሴዳር» ስለሚሉት እንጨት የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ «አርዝ» ይበሉት። «ዝግባ» ይበቃል የሚሉ ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳሉ፤ በመዝሙር 92፥12 ጻድቅ እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያድጋል ተብሏልና። እዚያ ግን «ሊባኖስ» የሚለው ዘርፍ፣ ማለትም የየት መሆኑን የሚነግረው ቃል፣ ዛፉን ከእኛው ዝግባ ይለየዋል። ዘርፉ ሲወድቅ ስሕተቱ ይመጣል፦ «የዝግባ ሣጥን ልብስን ከብል ይጠብቃል» ብለው ቢጽፉ አንባቢው የሚያውቀው ዝግባ ገርጣ ያለ፣ መዓዛ የሌለው፣ ነፍሳት በቀላሉ የሚደፍሩት እንጨት ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። ብልን የሚያርቀው በአርዝ ልብ እንጨት ውስጥ ያለው ዘይት ነው።

«ጥድ» በጠባዩ ይቀርባል፤ ይሸታል፣ ምስጥንም ይቋቋማል። ስሙ የግዕዙ «ጽሕድ» ነው፤ ሐ ተውጦ፣ ጸ ወደ ጠ ዞሮ «ጥድ» ሆነ፤ ትግርኛ ግን «ጽሕዲ» ብሎ ሐውን እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ጽሑፍዎ ስለ እርሳስ ቢሆን ኖሮ «ጥድ» ይበሉ እል ነበር፤ ለእርሳስ ሲውል የኖረው «ሴዳር» በአብዛኛው የጥድ ዘመድ ነውና።

«አርዝ» ከዕብራይስጡ «ኤሬዝ»ና ከዐረብኛው «አርዝ» ጋር አንድ ቃል ነው። «ሊባኖስ»ም ንጣትን ከሚያመለክተው ለ-በ-ነ ከሚለው ሴማዊ ሥር የወጣ ነው፤ ተራራው በረዶ ለባሽ ነውና። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ «የአርዘ እንጨት» አይበሉ። «አርዘ» በግዕዝ ፊደል፣ ማለትም በአንደኛው «ዘ»፣ የሚጨርሰው ዘርፍ ሲከተለው፣ «አርዘ ሊባኖስ» ሲባል ብቻ ነው፤ ብቻውን ሲቆም በሳድስ «አርዝ» ይባላል።

በ2ኛ ሳሙኤል 7፥2 ዳዊት ተቀምጬበታለሁ የሚለው ቤት ያለ ምንም ዘርፍ የዝግባ መባሉን አልክድም። ልማዱ ሥር ሰዷልና «የሊባኖስ ዝግባ» ቢሉ አልከራከርም። ለጆሮዬ ግን «የአርዝ ሣጥን» የሚለው እጅግ ያምራል፤ የሚለው ሰው ጥቂት መሆኑን እያወቅሁም እርሱን እመርጣለሁ።