ስለ በረዶ ናዳ ጠይቁኝ

ኦስትሪያ ተራራ ላይ ከነፍስ አድን ሠራተኞች ጋር ሠርቼ ወደ ድሬ ተመልሻለሁ። የበረዶ ናዳ ማለት ተራራ ላይ የተከመረ በረዶ ተንዶ ወደ ታች ሲወርድ ነው። እዚህ ሙቀት ውስጥ ስለ በረዶ ማውራት ያስቃል፤ ግን ከየሰፈሩ ጥያቄው በዝቷል።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ በረዶ ለስላሳ አይደል? እንዴት ይገድላል?

ናዳው ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። የተቀበረ ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። አብዛኛው የሚሞተው በብርድ አይደለም፣ ታፍኖ ነው። ትንፋሹ ፊቱ ላይ ያለውን በረዶ ያቀልጠዋል፤ ያ መልሶ ሲረጋ አየር አያሳልፍም። ሌሎች ደግሞ ከአለትና ከዛፍ ጋር ተላትመው ይሞታሉ።

ከከዚራ፦ ጩኸት ያስነሳዋል የሚባለው እውነት ነው?

አቦ፣ እሱ የፊልም ነው! የሚያስነሳው ክብደት ነው። የበረዶው የላይኛው ንብርብር ደካማ ንብርብር ላይ ተቀምጦ ይቆይና ሰው ሲረግጠው ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ዋናው አደጋ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። ሰው ከሚገድሉት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳው ተጎጂው ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ሩጫ አያዋጣም።

ከታይዋን ሰፈር፦ የተቀበረውን እንዴት ያገኙታል? ስንት ሰዓትስ አለ?

ሰዓት አትበለኝ፣ ደቂቃ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከ10 ሰው 9ኙ ይተርፋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከሦስት አንዱ ቢተርፍ ነው። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ብዙውን ጊዜ ይረፍዳል፤ ስለዚህ የሚያድነው አብሮ የነበረው ጓደኛ ነው። ለዚህም ሁሉም ሰውነቱ ላይ ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ ያስራል፤ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይልካል። የተረፉት ጓደኛቸው መጨረሻ የታየበትን ቦታ በዓይናቸው ይይዛሉ፣ የራሳቸውን መሣሪያ ወደ መቀበያ ይቀይራሉ፣ መሣሪያው ላይ የሚታየው የርቀት ቁጥር እያነሰ ወደሚሄድበት ይጠጋሉ። ከዚያ ረጅም ዘንግ እየሰደዱ ይፈልጋሉ። ዘንጉ ሰውነት ሲነካ እዚያው ይተዉታል። ቁፋሮው ግን ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ከዘንጉ ዝቅ ብለው፣ ከቁልቁለቱ በኩል ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ። አለዚያ ቆፋሪው ራሱ የተቀበረውን ይረግጠዋል፣ በረዶውም ተመልሶ ይሞላል። በእጅ መቧጠጥ ከንቱ ነው፤ አካፋ ያልያዘ ሰው ተራራ ባይወጣ ይሻላል።

ከመጋላ፦ ውሻስ?

ጎበዝ ነው፤ አሽትቶ ያገኛል። ግን ቶሎ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው።

ከገንደ ቆሬ፦ እኛን የሚያሰጋን ጎርፍ ነው። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አየነው። ይሄ ምን ያገባናል?

ድሬ ላይ የበረዶ ናዳ የለም። የመሬት ናዳ ግን አገራችን ውስጥ አለ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ አፈሩ ሲናድ ለመርዳት የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። በተራራ ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከላይ ገና ሊናድ የቀረ አለ ወይ?» ነው። አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ ይቆማል፣ ሌሎቹ የማምለጫ አቅጣጫ ተነግሯቸው ይገባሉ። ቆመህ ስታይ ጨካኝ ትመስላለህ፤ ይምሰልህ።

ከለገሃር፦ የወጣው ሰው ባይተነፍስስ?

መጀመሪያ ፊቱና ደረቱ ይገለጣል፣ አፉ ይጸዳል፣ ወዲያው በአፍ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ልቡ ካልመታ ደረቱን መጫን። አየር መንገዱ ክፍት ሆኖ ብዙ ቆይቶ በጣም የቀዘቀዘን ሰው ቶሎ «ሞቷል» አይሉም። ሐኪም ቤት ወስደው አሙቀው ነው የሚወስኑት።